ሲሲውን ተዉትና ኪሎውን ንገሩን

ካፌ በር ላይ ሞተር ሳይክል ያቆመ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው። መጀመሪያ «ስንት ሲሲ ነው?» ይባላል። ቀጥሎ «ስንት ይሄዳል?» ይመጣል። ነጂዋ ሴት ከሆነች ሦስተኛ ጥያቄ ይጨመራል፤ «የማን ነው?» የሚል። «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ የጠየቀን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

ለቦሌ መንገድ ጥያቄው ላያስፈልግ ይችላል። ድንጋያማ የተራራ መንገድ ላይ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው ብለን እንከራከራለን። እኛ ስንል አንድ ያገለገለ 650 ሲሲና ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ይዘን፣ ተራ በተራ እየነዳን ከከተማ የምንወጣ ጓደኛሞች ማለታችን ነው። ሻምፒዮን የለብንም። ነገር ግን ሦስቱንም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቀን ስለምንነዳቸው፣ የትኛው የት ላይ እንደሚያለቅስ እናውቃለን።

ዛሬ ልንል የፈለግነው ነገር ብዙ አይደለም። ለትልቅ ነገር ያለን ፍቅር ሁለት ነገሮችን ጋርዶብናል። አንዱ ለአገራችን ተራራ የሚሆነው ሞተር ሳይክል ነው። ሌላው በዚያ ተራራ ላይ በየቀኑ የሚነዳው ሰው ነው።

ከ186 ወደ 268

እስቲ ከታሪኩ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያው የፓሪስ-ዳካር ውድድር ሲካሄድ ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቮ ያሸነፈው በያማሃ ኤክስቲ 500 ነበር። ባለ አንድ ፒስተን፣ 500 ሲሲ፣ ውስብስብ ዕቃ የሌለበት ሞተር ሳይክል ነው። በዓመቱ፣ በ1980፣ ቢኤምደብልዩ አር 80 ጂ/ኤስ የሚባለውን አወጣ። 800 ሲሲ ገደማ ያለው፣ አስፋልቱንም ጥርጊያውንም እችላለሁ የሚል ነበር። ዛሬ «አድቬንቸር» ብለን የምንጠራው ወገን አባት ተደርጎ የሚቆጠረው እሱ ነው። ነዳጁን ሞልቶ 186 ኪሎ ይመዝን ነበር።

የዚያው ዘር የሆነው አር 1250 ጂኤስ አድቬንቸር ነዳጁን ሞልቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ 268 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 82 ኪሎ። አንድ ደህና ጎልማሳ ከኋላ አፈናጥጦ እንደመዞር ነው፤ ያውም ዳገት ላይ የማይወርድ፣ ሲወድቁ የማያግዝ ጎልማሳ!

በመሀል ደግሞ ቴሌቪዥን ገባበት። ተዋናዮቹ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን ሲነዱ አገራችንንም አቋርጠዋል። የያዙት 1200 ሲሲውን ነበር። ፊልሙን ያየ ሁሉ «ተራራ የሚወጣው በዚህ ነው» ብሎ ደመደመ። የድጋፍ መኪኖቹን፣ ዕቃ ጫኙንና ሰዎቹን ልብ ያለ ጥቂት ነው።

ከእነሱ 34 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን ከለንደን የተነሳው በ500 ሲሲ ትራያምፍ ነው። አራት ዓመት ዓለምን ሲዞር በኢትዮጵያም አልፏል። የሚከተለው የድጋፍ መኪና አልነበረውም። ሞተሩ ሲወድቅ የሚያነሳው ራሱ፣ ካልሆነለትም በመንገድ ያገኘው ገበሬ ነው። እኛ ከሁለቱ ጉዞዎች የትኛውን እንደምንመስል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የሚከተለን መኪና የለንማ።

እንግዲህ መካከለኛ ክብደት የምንለው ይሄንን ቦታ ነው። ከ400 እስከ 800 ሲሲ ገደማ፣ ከ180 እስከ 210 ኪሎ። ያማሃ ቴኔሬ 700 ነዳጅ ሞልቶ 204 ኪሎ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የህንዱ ሮያል ኤንፊልድ ሂማላያን 411 ሲሲ ነበር፤ ጉልበቱ 24 ፈረስ ብቻ። በ2023 የተተካው 452 ሲሲው ወደ 40 ፈረስ አድጓል፤ ክብደቱ ግን 196 ኪሎ ነው። ህንዶቹ ከዓለም ትልቁ ተራራ ሥር ተቀምጠው፣ ለዚያ ተራራ ብለው ስም አውጥተውለት የሠሩት ሞተር ሳይክል ግማሽ ሊትር እንኳ የማይሞላ መሆኑ አንድ ነገር ሊነግረን ይገባል።

ድንጋይ ላይ የሚሆነው

አስፋልት ላይ ክብደት ይደበቃል። እንዲያውም ነፋስ ሲመታ ከባዱ ይመረጣል። ድንጋይ ላይ ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ድንጋያማ ዳገት ማለት የፊት ጎማውን በየሰከንዱ ወደ ፈለገበት የሚገፋ መንገድ ነው። የጭብጥ ያህሉ ድንጋይ ከጎማ ሥር ይንከባለላል። የቅል ያህሉ የፊት ጎማውን ያዘልላል። የተተከለው ደግሞ የሞተሩን ሆድ ይጠብቃል። ነጂው ይሄን ሁሉ የሚያርመው በጉልበቱ፣ በወገቡና በእግሩ መርገጫ ነው። ሞተር ሳይክሉ ወደ ግራ ማዘንበል ሲጀምር ቀኝ ጉልበት ይጫናል፤ ይመለሳል። 200 ኪሎ ሲያዘነብል በእግር የሚደገፍበት አንዲት ቅጽበት አለች። 270 ኪሎ ያችን ቅጽበት አይሰጥም። ካዘነበለ አዘነበለ ነው፤ ብልህ ሰው እግሩን ስቦ ይለቀዋል።

ከወደቀ በኋላስ? ሂሳቡ እዚህ ጋ ነው። የወደቀን ሞተር ፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ ለማንሳት የሚሞክር ሰው ወገቡን ይዞ ይመለሳል። ትክክለኛው ዘዴ ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፎ፣ አንድ እጅ መሪው ላይ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር አድርጎ፣ በእግር ጉልበት ወደ ኋላ እየረገጡ መነሳት ነው። በዚህ ዘዴ ከእኛ መካከል 55 ኪሎ የምትመዝነዋ 650ውን ብቻዋን ታነሳለች። አንድ ጊዜ። ሁለተኛም ታነሳለች። በሦስተኛው ተቀምጣ ውሃ ትጠጣለች። በ268 ኪሎው ግን ጨዋታው ከመጀመሪያው ያበቃል፤ ሰው እስኪመጣ መንገድ ዳር መቀመጥ ነው። ሰው የማይመጣበት መንገድ ደግሞ አለ።

ቀላል መሆን ብቻውን አያሻግርም፤ አነዳዱም አለ። ድንጋይ ላይ አይቀመጡም፤ ይቆማሉ። መርገጫው ላይ ሲቆሙ ሞተሩ ከሥር እንደፈለገ ይደንሳል፤ ሰውየው ግን ጸጥ ይላል። ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል፤ ክርን ወደ ውጪ ይከፈታል። ዓይን ከፊት ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ አያይም፤ አሥር ወይም አሥራ አምስት ሜትር ፊት ያለውን መውጫ ነው የሚፈልገው። ድንጋዩን ካዩት ድንጋዩ ላይ ይወጣሉ፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ማርሹ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ነው። ሁለት ጣት ፍሪሲዮኑ ላይ ይቀመጣል፤ ነዳጁ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ይያዛል። ዳገት መሀል ላይ አይቆምም። መቆም ግድ ከሆነም እግር የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ መርጦ ነው።

ቁልቁለቱ ይብሳል። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ መተው፣ የኋላ ፍሬኑን ጎማው ሳይቆለፍ መርገጥ፣ የፊቱን ደግሞ በአንድ ጣት ቀስ አድርጎ መንካት ነው። ፍሪሲዮን ይዞ ቁልቁለት የሚለቅ ሰው ሞተር ሳይክሉን ለመሬት ስበት አስረክቦታል ማለት ነው።

ስለ ጎማ ነፋስም አንድ ነገር እንበል፤ ጎሚስታዎቻችንም ይሄን ሲሰሙ ይገረማሉ። ጥርጊያ ላይ ነፋስ ይቀነሳል ሲባል ሰምቶ አሸዋ ላይ እንደሚደረገው አብዝቶ የሚያራግፍ አለ። ድንጋይ ላይ ይሄ አይሠራም። ጎማው በጣም ከላላ ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ይበሳዋል፤ ቸርኬውንም ያጎብጣል። ለአስፋልት ከሚሞላው በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሞተሩ በከበደ ቁጥር ደግሞ ዝቅ የማድረግ ነጻነቱ ይጠባል። እዚህም ኪሎ!

አየሩ ሲሳሳ

«ታዲያ ቀላል ከሆነ የሚፈለገው ለምን 125 ሲሲ አትነዱም?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንነዳለን። ግን ሁለት ችግር አለበት፤ አንዱ ርቀት ነው፤ ሌላው ከፍታ።

ከአዲስ አበባ ጎባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይሄን አስፋልት በ125 ሲሲ፣ ከኋላ ሻንጣ ጭኖ፣ ከኋላ የሚጮህ ሲኖትራክ እያስከተሉ መሄድ እንዴት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ጎባ ሲደርሱ ለተራራው የሚሆን ጉልበት አይተርፍም።

ከፍታው ደግሞ ሌላ ነው። ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ሜትር ነው፤ እስከ ጫፉ የሚወጣ መንገድም አለው። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። ሞተር ነዳጅ ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላልና፣ ፋብሪካው 12 ፈረስ ብሎ የጻፈለት ትንሽ ሞተር እዚያ ላይ ሰባት አካባቢ ቢያወጣ ነው። ሁለት ሰው ከተጫነበት ገፍቶ መሄድ ይመጣል። 73 ፈረስ የሚባለው ከ40 በላይ ይተርፈዋል። በካርቡረተር የሚሠራው ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኢንጀክሽን ያለው መጠኑን ራሱ ያስተካክላል።

ስለዚህ መካከለኛው የተመረጠው «መሀል መንገድ ይሻላል» በሚል አጉል ሽምግልና አይደለም። ከታች ጉልበት ስለሚያንስ፣ ከላይ ክብደት ስለሚበዛ ነው።

ሳነቴን ካነሳን አንድ ማሳሰቢያ። ቦታው የቀይ ቀበሮ ቤት ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሜዳው ሰፊና ባዶ ስለመሰለ ከመንገድ ወጥቶ መጋለብ የሚያምረው ሰው ይኖራል። ባዶ አይደለም። ከሥሩ የፍልፈል ጉድጓድ ነው፤ ቀበሮው የሚኖረው በዚያ ፍልፈል ነው። ጎማችን የሚያርፈው መንገድ ላይ ብቻ ይሁን። ማርሚታውን በስቶ የሚያስጮኸውም እዚያ ባይመጣ እንመርጣለን።

ስሜንን ለምን አላነሳችሁም የሚል ካለ፣ ከደባርቅ ተነስቶ በቧሂት ሥር የሚያልፈው መንገድ የሁላችንም ህልም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሳ እቅዱን አጥፈን አስቀመጥነው። ያ መንገድ ለእኛ መዝናኛ ነበር፤ የቀረብን ሽርሽር ነው። እዚያው ላሉት ግን የገበያና የሐኪም ቤት መንገድ ነው። ልዩነቱን አንረሳም።

ጨንቻ ላይ ያየነው

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ።

አንድ በጋ ከአርባ ምንጭ ወደ ጋሞ ደጋ ወጥተን ከጨንቻ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ በሚያስገባ ድንጋያማ መንገድ ላይ ነበርን። እኛ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ፣ ሄልሜት አድርገናል። የጠፈር ተጓዦች መስለናል ቢባል ይቀላል። መንገዱ ቁልቁል ነበርና በየሃምሳ ሜትሩ እየቆምን መስመር እንመርጣለን።

ከኋላ አንድ 125 ሲሲ መጣ። ነጂው የአርባ ዓመት ሰው ይሆናል። ከኋላው የክትባት በረዶ ሳጥን በጎማ ገመድ ታስሯል፤ ከሳጥኑ በላይ አንድ ከረጢት አለ። እግሩ ላይ ሸበጥ ጫማ፣ ራሱ ላይ የሱፍ ኮፍያ። ቆሞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኖ፣ እኛ አሥር ደቂቃ የተማከርንበትን ቁልቁለት በአንድ ትንፋሽ ወረደው። ከታች ሆኖ ጠበቀን። ችግር የገጠመን መስሎት ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ። ሰላምታ ተለዋወጥንና «ጋሼ፣ እንዲህ መንዳት የት ተማሩ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ቁልፉን ፈርሜ ተረከብኩ። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ መንገዱ ነው» አሉ።

«ሄልሜትስ?»

«አንድ ነበረች። ተሰነጠቀችና ሌላ ጠይቀን ነበር።» ሳቅ አሉ። ከዚያ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ቅልጥማቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩን። «ይቺ የትምህርት ቤት ክፍያ ናት።»

እኛ ከዚያ ቀን ወዲህ «አድቬንቸር» የሚለውን ቃል ስንጠራው ትንሽ ያፍነናል። እሳቸው በሳምንት አምስት ቀን የሚነዱትን መንገድ እኛ በዓመት አንድ ጊዜ ነድተን ፎቶ እንለጥፋለን። ለአንዱ ጀብዱ ይባላል፤ ለሌላው የመስክ ሥራ። ድንጋዩ ግን ያው ድንጋይ ነው።

ይሄ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የአፍሪካ መሬት 80 በመቶ ያህሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ይባላል። በዚህ አገር የግብርና ባለሙያው፣ የክትባት ሠራተኛው፣ የወረዳ ተቆጣጣሪው፣ የብድርና ቁጠባ ሠራተኛው ተራራውን የሚወጣው በሞተር ሳይክል ነው፤ ያውም ካገኘ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሉት። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። በሄድንባቸው ቀበሌዎች ያገኘናቸው ቤት ለቤት የሚዞሩት በእግራቸው ነው። ሞተሩን የሚነዳው ተቆጣጣሪው፣ አብዛኛውን ጊዜም ወንድ ነው። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ሴት ልጅ ይሄን መንገድ አትችለውም» የሚል መልስ ሰምተናል። ካፌ በር ላይ «የማን ነው?» ብሎ የጠየቀን ሰውዬ እዚህም ቀድሞን ደርሷል። 120 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር፣ የሁለት ሳምንት ስልጠናና ልኩን የጠበቀ ቦት ጫማ ስጧትና እንያ!

ሞተር ሰጥቶ መርሳት

ለመስክ ሠራተኛ ሞተር ሳይክል መስጠት ጥሩ ፎቶ አለው። ሞተሮቹ በሰልፍ ይቆማሉ፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ቁልፍ ይታደላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ሰልፍ ፎቶ የሚያነሳ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1988 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ወደ ሶማሊያ ሄደው ያዩት ይሄንኑ ነበር። ለጤና ሥራ የተገዙ ሞተር ሳይክሎች ጥገና አጥተው፣ ብዙ ሳይሠሩ ተጥለዋል። የጎደላቸው ትልቅ ነገር አልነበረም። ዘይት በጊዜው አልተቀየረም፤ ካቴና አልተወጠረም፤ ነጂው ምን ማየት እንዳለበት የነገረው የለም። ሰዎቹ ከዚያ ተመልሰው «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሥራውም ማሽን ማደል አልነበረም፤ የጤና ሠራተኞችን አነዳድ ማስተማርና ሞተሩ ከመበላሸቱ በፊት በቀጠሮ መጠገን ነው። ተራራማዋ ሌሶቶም ይህን አሠራር ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ነበረች።

ትምህርቱ ቀላል ነው። ድንጋይ ላይ የሚነዳ ሞተር የሚሞተው ከትልቅ አደጋ ይልቅ ባልጠበቀ ብሎን ነው። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጎማ፣ ካቴና፣ ዘይት፣ ፍሬን፣ ብሎን። ሰውስ? ሰው የሚሞተው በጭንቅላቱ ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያገናዘበው የእ.ኤ.አ. 2008 የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት በአደጋ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ሄልሜት የሞተር ሳይክሉ ዋጋ ስንት እጅ ነው? ሞተሩን ለመግዛት ገንዘብ ያገኘ በጀት ሄልሜቱ ላይ ሲደርስ የሚያልቅበትን ሂሳብ ሊያስረዳን የሚችል ካለ እንሰማለን።

ወንበዴና ቱሪስት

ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነው ተብሎ ነበር። ቅሚያውን አንክድም፤ ቦርሳ የተነጠቁ ጓደኞች አሉን። ግን ከዚያ ወዲህ ሞተረኛ ሲባል በከተማው አእምሮ የሚመጣው ምስል ወንበዴ ሆነ። ክልል ሲወጣ ምስሉ ይገለበጣል፤ ትልቅ ሞተር የያዘ ፈረንጅ ይሆናል፤ ልጆች ይከተሉታል፤ ይጨበጨብለታል።

በወንበዴውና በቱሪስቱ መሀል፣ ሸበጥ ጫማ አድርገው የክትባት ሳጥን ይዘው ድንጋይ የሚወርዱት ሰውዬ የሉም። ሕግ ሲወጣም አይታሰቡም፤ ስልጠና ሲዘጋጅም አይጠሩም። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ያገኘንበትን የተግባር ፈተና እናስታውሰው፤ ደልዳላ ሜዳ ላይ ነው። ዳገት የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ከኋላ ጭነት የለ። በዚያ ፈተና ያለፈ ሰው በማግስቱ ቧሂትን የመሰለ ተራራ ላይ በሕግ መንዳት ይችላል።

እና ምን ይሁን?

ጥያቄያችን ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

ለመስክ ሥራ ሞተር ሳይክል የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ በግዢው ዝርዝር ላይ ሁለት ሄልሜት፣ አንድ ጥንድ ቦት ጫማና ጓንት አብሮ ይጻፍ። ሁለት ያልነው ከኋላ የሚፈናጠጥም ሰው ጭንቅላት ስላለው ነው።

ቁልፍ ከመስጠት በፊት ስልጠና ይሰጥ። ሜዳ ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ፣ ከነጭነቱ፤ መቆም፣ ቁልቁለት መያዝ፣ የወደቀን ማንሳት። አሠልጣኝ ከየት ይመጣል ለሚለው መልስ አለን። ጨንቻ ድረስ ሄዶ እኚያን ሰው መጥራት ነው። አበል ይከፈላቸው እንጂ ከማንም የውጭ ባለሙያ የተሻለ ያስተምራሉ።

ስልጠናው ላይ ሴቶቹ ይጠሩ። አልችልም ያለች ትቅር። አትችይም መባል ግን ይቅር።

አንተም አንቺም፣ ደሞዝ አጠራቅማችሁ አንድ ቀን ተራራ እወጣለሁ የምትሉ አንባቢዎቻችን፣ የእናንተ ድርሻ አለ። መጀመሪያ ትንሹ ላይ ተማሩ። ቀጥሎ መግዛት ስትችሉ ሲሲውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን «እስቲ መሬት ላይ አስተኛውና ብቻዬን ላንሳው» በሉት። ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ። ካነሳችሁት የእናንተ ነው። ካላነሳችሁት የምትገዙት ለካፌ በር ነው። ተቀምጣችሁበትም ቢያንስ የአንድ እግራችሁ ፊት መሬት መንካቱን እዩ፤ ቴኔሬው 87 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው መቀመጫ ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ። ብቻችሁን አትውጡ። መንገድ ላይ ሸበጥ አድርጎ የሚያልፋችሁ ሞተረኛ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቆማችሁ መስመሩን ተመልከቱ፤ ለምን በዚያ በኩል እንደሄደም ጠይቁት።

እኛ ለእኚያ የጨንቻ ሰው ትርፍ የነበረችንን ሄልሜት ትተንላቸው ተመለስን። ለአንድ ሰው ሆነ። በየወረዳው ስንት አሉ? ያንን ማስላት የእኛ ኪስ ሥራ አይደለም፤ በጀት የሚጽፍ ሰው ሥራ ነው። ይሄን የምታነቡ ከመካከላችሁ በጀት የሚጽፍ፣ ወይም የሚጽፍ አባት፣ አክስት፣ አለቃ ያለው ካለ፣ የዘንድሮው ዝርዝር ሳይዘጋ አንድ መስመር እንዲጨምር ንገሩልን። ሄልሜት፣ ብዛት ሁለት።

ቸር ይግጠመን።